ከፎቶ ቤቱ መጋረጃ እስከ ቀዩ ዐለት፦ የእኛ ሰውና የተፈጥሮ ፎቶግራፍ

ፎቶግራፍ ሲባል በአብዛኞቻችን ልብ ቀድሞ የሚመጣው ሰው ነው። ሙሽራና ሙሽሪት፣ የክርስትና ሕፃን፣ ካባ የለበሰ ተመራቂ፣ ለመታወቂያ የተነሣ ጉርድ ፎቶ። ተራራ ወይም አበባ፣ ወፍ ወይም የዱር እንስሳ ሰው አጠገቡ ሳይቆም ለብቻው ፎቶግራፍ ይነሣል የሚለው ሐሳብ ወደ እኛ ዘግይቶ የደረሰ ነው። ዛሬ በላስ ቬጋስ የወገኖቻችንን ቤት የጎበኘ ሰው ግን ከልጆቹ የምረቃ ፎቶ ጎን የሬድ ሮክን ቀይ ዐለት፣ የዛየንን ገደል፣ በመጋቢት ያበበ የበረሃ አበባ በፍሬም ተሰቅሎ ሲያይ አይገረምም። ያነሣው ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «እኔው ነኝ» የሚል ነው።

በዚህ የዐሥረኛ ዓመት መታሰቢያ መጽሔት ስለ ማኅበራችን አመሠራረት፣ በሐዘንና በደስታ ስለ መረዳዳቱ ሌሎች ጸሐፊዎች በሰፊው ጽፈዋል። እኛ የመረጥነው ማንም ያላቋቋመውን፣ ሊቀ መንበርም ገንዘብ ያዥም የሌለውን፣ ነገር ግን በመካከላችን ሥር የሰደደውን ይህን የፎቶግራፍ ፍቅር ነው። ከየት መጣ? ለምንስ እዚህ በረሃ ውስጥ በቀለ? ለመመለስ ወደ ኋላ ራቅ ብለን መጀመር አለብን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለሕዝብ የተገለጸው በ1839 ነው። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ካሜራ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ቆመ፤ የቆመው ግን በሰላም አልነበረም። በ1868 በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶ አንሺዎች አብረው ነበሩ። እነዚህ ወታደሮች ግዙፍ ካሜራቸውን፣ የመስተዋት ሰሌዳቸውንና የማጠቢያ መድኃኒታቸውን በጭነት ከብት እያስጫኑ የሰፈሩበትን ሜዳ፣ የወጡትን ዳገት፣ የመቅደላንም አምባ አነሡ። ውበቱን ወደው አይደለም፤ የጦሩን ጉዞ ለመመዝገብ ነው። እንግዲህ የአገራችን መልክዐ ምድር ከተነሣባቸው ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል ዋነኞቹ የወራሪ ጦር ሥራ ናቸው። አባቱን ያጣው ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ስመ ጥሩዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አንሥታዋለች። ከመቅደላ ገደሎች ይልቅ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የዚያን ሕፃን ያዘነ ፊት ነው።

ካሜራ በኢትዮጵያ ቤት ያገኘው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ከውጭ የመጡ አማካሪዎችና መልእክተኞች ይዘውት ገቡ፤ ቀጥሎም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ። ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ የአባታቸውን ሙያ ይዘው እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጠሉ። የዚያን ጊዜ ሥዕሎች ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር በ1996 ባሳተሙት ከ1867 እስከ 1935 ያሉትን ፎቶግራፎች በያዘው መጽሐፍ ለተመለከተ ሰው፣ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ፣ ሠራዊቱና ካህናቱ ተሰልፈው ይታያሉ። አገሩ ከኋላቸው አለ፤ ግን ከኋላ ነው።

ከዚያም ፎቶ ቤት መጣ። አዲስ አበባ ፒያሳም ሆነ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ፎቶ ቤት የገባ ሁሉ መጋረጃውን ያስታውሳል። በጨርቅ ላይ የተሳለ ሐይቅ፣ ዛፍ፣ ፏፏቴ፣ አንዳንዴም ማንም አይቶት የማያውቅ የባሕር ዳርቻ። ከፊቱ ወንበርና የፕላስቲክ አበባ። ደጅ ወጥቶ ሃያ ደቂቃ ቢሄድ እንጦጦን የሚያገኝ ሰው ገንዘብ ከፍሎ በቀለም ከተሳለ ተራራ ሥር ይቆም ነበር። በዚህ መሳቅ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንስቅም። ያ መጋረጃ የሚናገረው ሰዉ የተፈጥሮን ውበት በፎቶው ውስጥ ይፈልግ እንደነበረ ነው። ወደ ደጅ የሚወጣ ካሜራና ፊልም በእጁ አልነበረም እንጂ።

አንዳንድ ጊዜ «የእኛ ሰው ለተፈጥሮ ደንታ የለውም፤ ተራራ የሚያደንቀው ፈረንጅ ነው» ሲባል እንሰማለን። ይህ አባባል ትክክል አይመስለንም። በእንቁጣጣሽ ጧት በየደጁ እየዞሩ የሚያድሉትን ሥዕል በእጃቸው ስለው የማያውቁ ወንዶች ልጆች በመካከላችን ስንት አሉ? አበባው፣ ፀሐይዋ፣ ወፊቱ በባለ ቀለም እርሳስ ይሣላሉ፤ በምላሹም ሳንቲም ይገኛል። ያ ልጅ የተፈጥሮ ሠዓሊ ነበር። ካሜራ ቢያገኝ ምን ያነሣ እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም።

የዱር እንስሳቱ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ከካሜራው በፊት የደረሰባቸው ጠመንጃው ነው። በአፍሪካ ከሚገኙት ትልልቅ የአጋዘን ወገኖች ሁሉ ለሳይንስ በመጨረሻ የታወቀው የእኛው የደጋ አጋዘን ነው። በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ገደለው፤ በ1910 ሪቻርድ ላይዴከር የተባለው ሊቅ ስም አውጥቶ ገለጸው። ይህን እንስሳ በሕይወቱ ያየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ በኪሱ ያልያዘው ግን የለም፤ ይኸውም በዐሥር ሳንቲም ላይ ያለው እርሱ ነውና። በእነዚያው ዓመታት እዚህ አሜሪካ ጆርጅ ሻይረስ የተባለ ጠበቃ ጠመንጃውን ትቶ በጀልባ ላይ ሆኖ በሌሊት በብልጭታ መብራት አጋዘን ፎቶ ማንሣት ጀምሮ ነበር። በ1906 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት 74 ፎቶግራፎቹን አወጣለት። ሻይረስ በሙያው ፎቶ አንሺ አልነበረም፤ እንደ እኛ ከሥራው በተረፈው ጊዜ የሚያነሣ ሰው ነበር።

በኢትዮጵያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የታወቀው በ1969 ነው። ዋልያ ከዚያ በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ስፍራ የለም። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን በ1978 ሲከፍት በመጀመሪያው ዓመት ከተጻፉት 12 ስፍራዎች ውስጥ ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ሰሜን። ግራንድ ካንየን የተጻፈው በተከታዩ ዓመት በ1979 መሆኑን ለልጆቻችን ብንነግራቸው ደስ ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ሰሜን በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የወጣውም በ2017 ነው።

በእነዚያ ዓመታት የአገሩን መልክ ለብዙኃኑ ያሳየው የቱሪስት ድርጅት ፖስተር ነው። «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ያወጡት የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። ጢስ ዓባይ፣ ፋሲል ግንብ፣ ላሊበላ፤ እነዚህ ፖስተሮች በየውጭ አገሩ በሐበሻ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ ከፀሐይ ብርሃን የተነሣ ሰማያዊ እስኪሆኑ ድረስ ተሰቅለው ኖረዋል። ብዙዎቻችን ስለ አገራችን ተራራ ያለን ትዝታ ከዓይናችን የመጣ ይሁን ከፖስተሩ መለየት ያስቸግረናል። ፖስተሩ ደግሞ የታሰበው ለእኛ ሳይሆን ለእንግዳ ነበር።

ኢትዮጵያዊው ራሱ ለምን አላነሣም? ምክንያቱ ረጅም አይደለም። ካሜራ ውድ ነበር፤ 36 ፖዝ ያለው ፊልም ለመግዛትና ለማሳጠብ የሚወጣው ገንዘብ ለተራራ የሚባክን አልነበረም። አንዱ ፖዝ እንኳ ለእናት፣ ለአያት፣ ለታላቅ ወንድም ይቆጠር ነበር። በደርግ ዘመንማ ከድልድይ ወይም ከመንግሥት ሕንፃ አጠገብ ካሜራ ይዞ መገኘት ጥያቄ ያስከትላል። ከዚህም በላይ ገደሉ ለሚያርሰውና ለሚወጣው ሰው ሥዕል አይደለም፤ ድካም ነው። ከሩቅ ቆሞ ለማየት መጀመሪያ መራቅ ያስፈልጋል።

እነሆ ራቅን። የደረስንበትም አገር በፎቶግራፍ ታሪክ ትንሽ ስፍራ አይደለም። ላስ ቬጋስ በስፓኝ ቋንቋ መስክ ማለት ነው፤ በረሃው መካከል ምንጭና ሣር ስለነበረ ነው ስሙ የወጣለት። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1905 ነው፤ ካሜራው ግን ከከተማዋ ቀድሞ ደርሷል። በ1871 ቲሞቲ ኦሱሊቫን ከሌተና ዊለር ቡድን ጋር በጀልባ የኮሎራዶን ወንዝ ሽቅብ ወጥቶ ብላክ ካንየን የተባለውን ጥቁር ገደል አነሣ። ኋላ በ1935 የተመረቀው ሁቨር ግድብ የቆመው በዚያ ገደል ውስጥ ነው። የኦሱሊቫን ፎቶግራፍ ወንዙ ሳይገደብ ምን ይመስል እንደነበር ያሳየናል።

በእኛ በኩል ግን ይበልጥ የምንወደው የጃክ ሂለርስን ታሪክ ነው። ሂለርስ በጀርመን አገር በሐኖቨር ተወልዶ ገና በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ ስደተኛ ነው። በእርስ በርሱ ጦርነት ወታደር ነበር፤ ከዚያም ጋሪ ነጂ ሆነ። በ1871 ሶልት ሌክ ከተማ ሳለ የጆን ዌስሊ ፓወል ቡድን የኮሎራዶን ወንዝ ለማጥናት ሲነሣ በቀዛፊነት ተቀጠረ። ማንም ፎቶግራፍ ያነሣል ብሎ አልቀጠረውም። በጉዞው ላይ ግን የቡድኑን ፎቶ አንሺ ሣጥን እየተሸከመ፣ ሰሌዳው ሲታጠብ እያየ፣ እየጠየቀ ሙያውን ተማረ። በተከታዩ ዓመት ፎቶ አንሺው እርሱ ነበር። ዛሬ ዛየን የምንለውን ሸለቆና ግራንድ ካንየንን ገና ጎብኚ ሳይበዛበት ያነሣው ይህ የቀድሞ ጋሪ ነጂ ነው። በመካከላችን ታክሲ የሚነዱት ወንድሞች ይህን ታሪክ ስንነግራቸው «ታዲያ እኛስ ምን ጎደለን?» አሉን። ምንም አልጎደላቸውም፤ እንዲያውም ካሜራቸው በጣም ይቀላል።

ስለ ዛየን ካነሣን አይቀር፣ ስሙ የእኛው ጽዮን ነው፤ የሞርሞን እምነት ተከታይ ሰፋሪዎች ያወጡለት። በ1909 መንግሥት ሲከልለው ሙኩንቱዊፕ በተባለው የፓዩት ሕዝብ ስም ነበር፤ በ1918 ዛየን ተባለ፤ በ1919 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። እናቶቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄዱ የስሙን ትርጉም የሰሙ እንደሆነ ገደሉን ተሳልመው ነው የሚመለሱት።

በግራንድ ካንየን ደግሞ ኤልስዎርዝና ኤመሪ ኮልብ የተባሉ ወንድማማቾች በ1904 በገደሉ አፋፍ ላይ ፎቶ ቤት ከፈቱ። ሥራቸው በበቅሎ ወደ ታች የሚወርዱትን ጎብኚዎች ማንሣት ነበር። አፋፉ ላይ ለማጠቢያ የሚሆን ንጹሕ ውሃ አልነበረም። ስለዚህ ኤመሪ ጧት ጎብኚዎቹን ካነሣ በኋላ ሰሌዳዎቹን ይዞ 4 ማይል ተኩል ያህል ወደ ታች፣ ዛሬ ሃቫሱፓይ ጋርደንስ ወደሚባለው የምንጭ ስፍራ እየሮጠ ይወርድና እዚያ አጥቦ፣ ጎብኚዎቹ ሳይመለሱ ሽቅብ ሮጦ ይደርስ ነበር። ዛሬ ስልካችን ላይ ፎቶው ለመታየት ሁለት ሰከንድ ሲዘገይ የምንቆጣ ሰዎች ይህን ብናስብ አይከፋም። ስመ ጥሩው አንሰል አዳምስም ቢሆን በ1916 የ14 ዓመት ልጅ ሳለ በዮሰሚቲ የጀመረው ወላጆቹ በሰጡት የኮዳክ ብራውኒ ካሜራ ነው። በ1941 ወደ እኛ አካባቢ መጥቶ ሁቨር ግድብን አንሥቷል።

የእኛ ሰው ታሪክ በዚህ ላይ የሚቀጥል ነው። ወገኖቻችን ወደዚህ ከተማ በብዛት መምጣት ሲጀምሩ የሚያገኙት ሥራ በካዚኖ፣ በሆቴልና በታክሲ ነበር፤ ብዙውም የሌሊት። ይህ የሌሊት ሥራ ለፎቶግራፍ ምን ያህል እንደረዳ የምናውቀው ዛሬ ነው። የሬድ ሮክ ገደል ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 17 ማይል ያህል ርቆ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ የቆመ በመሆኑ የጧት ፀሐይ ፊት ለፊት ታገኘዋለች። ለአንድ ሰዓት ያህል ዐለቱ ፍም ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ከላይ ሲመጣ ቀለሙ ይደበዝዛል። ቀን የሚሠራ ሰው ለዚህ ብሎ ከእንቅልፉ መነሣት አለበት። የሌሊት ሠራተኛ ግን ከጧቱ 12 ሰዓት ገደማ ከሥራ ሲወጣ ብርሃኑ በደጅ ይጠብቀዋል። ታክሲውን አስረክቦ፣ ቡናውን ይዞ፣ በገዛ መኪናው ወደዚያ መንዳት ነው። ከማኅበራችን አባላት የመጀመሪያዎቹ የተፈጥሮ ፎቶ አንሺዎች በዚህ መንገድ የጀመሩ ናቸው፤ እንቅልፍ ስለ እምቢ አላቸው እንጂ ለጥበብ ብለው አልነበረም።

ስለ ዐለቱ አንድ ነገር እንጨምር። ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በነፋስ የተከመረ አሸዋ ነው፤ ቀለሙም ከብረት ዝገት የመጣ ነው። በላዩ የተጫነው ግራጫ የኖራ ድንጋይ ግን ከሥሩ ካለው ይበልጥ ያረጀ ነው። የምድር ግፊት አሮጌውን በአዲሱ ላይ ጎትቶ ጫነው። በጥሩ የጧት ፎቶግራፍ ይህ መስመር በግልጽ ይታያል፤ እኩለ ቀን በተነሣ ግን ሁሉም አንድ ይመስላል።

በመጀመሪያው ዘመን በፊልም ያነሡ ሰዎች አንድ ቅሬታ ነበራቸው። ዘመድ በዐለቱ ፊት አቁመው ሲያነሡ ዐለቱ አምሮ ይወጣል፤ የዘመድ ፊት ግን ጥቁር ጥላ ይሆናል። ብዙዎች ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጉ ነበር። እውነቱ ግን ከሁለት በኩል ነው። አንደኛ የካሜራው ብርሃን መለኪያ በደማቁ ዐለት ተታልሎ ብርሃኑን ይቀንሳል። ሁለተኛ ለረጅም ዘመን ፎቶ አጣቢዎች ቀለም የሚያስተካክሉበት የናሙና ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር፤ ኮዳክ ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ያላቸውን ሴቶች የያዘ ካርድ ያዘጋጀው በ1990ዎቹ ነው። ዘዴውን የሚያውቁት በብልጭታ መብራት ፊትን ያበሩ ነበር። ያላወቁት ደግሞ፣ በቀልድ እንደሚነገረው፣ ዘመዱን ከፎቶው አስወጥተው ዐለቱን ብቻ ማንሣት ጀመሩ።

የዱር አራዊቱን በተመለከተ ሁለቱን ብቻ እናንሣ። አንደኛው አህያ ነው። በሬድ ሮክ መንገድ ዳር የዱር አህዮች ይታያሉ፤ የከተማው ሰው መኪናውን አቁሞ ያነሣቸዋል። አንዲት እናታችን ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥተው ልጃቸው ወደዚያ ቢወስዳቸው «ልጄ፣ አህያ ልታሳየኝ ነው ይህን ሁሉ ባሕር ያሻገርኸኝ?» አሉ። ሳያውቁት ትልቅ ነገር ተናግረዋል። የዓለም አህያ ሁሉ ዘሩ ከአፍሪካ የዱር አህያ ነው፤ የዚያም የመጨረሻ ትራፊ ዛሬ የሚገኘው በእኛው አፋር በረሃና በኤርትራ ሆኖ ሊጠፋ ተቃርቧል። እዚህ ያሉት ስፓኛውያን ወደ አሜሪካ ያመጧቸው፣ ኋላም ማዕድን ፈላጊዎች የጫኗቸውና በረሃ ላይ የለቀቋቸው አህዮች ልጆች ናቸው። በ1971 በወጣው ሕግ ተጠብቀው ይኖራሉ። ወዳጆቻችን፣ አታብሏቸው፤ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ምግብ የለመደ አህያ ወደ አስፋልት እየወጣ በመኪና ይሞታል።

ሁለተኛው ቢግሆርን የተባለው የበረሃ የዱር በግ ነው፤ የኔቫዳ ግዛት ምልክት የሆነ እንስሳ። በ1936 ከላስ ቬጋስ በስተ ሰሜን ሰፊ መጠበቂያ የተከለለው ለእርሱ ነው። እርሱን ለማንሣት ግን ተራራ መውጣት አያስፈልግም። በቦልደር ሲቲ ሄመንዌይ ከሚባለው መናፈሻ መንጋው ሣር ሊግጥ ከተራራው ይወርዳል። የተጠቀለለ ቀንዱን ተሸክሞ በዐለት ጫፍ ላይ ሲቆም ያየ የጎንደር ሰው «ዋልያ!» ሳይል አይቀርም። ዘመድነታቸው የሩቅ ነው፤ አንዱ በግ ነው፣ ሌላው የዱር ፍየል። አቋቋማቸው ግን ያመሳስላቸዋል፤ በብዙ አባላት ቤት የተሰቀለው የቢግሆርን ፎቶም በእንግዶች ዘንድ ዋልያ እየተባለ ሲደነቅ ባለቤቱ ዝም ብሎ ያልፋል።

አበባው ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። ከእኛ ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ የሚገኘው ዴዝ ቫሊ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር የወረደ በረሃ ነው፤ በ1994 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዳሎልን የሚያውቅ ሰው አይደነቅም፤ የእኛው ዝቅተኛ ምድር ከዚህም ይወርዳል፤ በ1960ዎቹ በዳሎል የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀትም ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ በዓለም ተወዳዳሪ አልተገኘለትም። ሆኖም በዴዝ ቫሊ የክረምቱ ዝናብ በደንብ የጣለ ዓመት፣ ለብዙ ዓመታት በአሸዋው ውስጥ የተኛ ዘር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። በ2005 እና በ2016 ይህ ሆነ። ከሁሉ የሚበዛው የበረሃ ወርቅ የሚሉት ቢጫ አበባ ነው። አደይ አበባና ይህ አበባ በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሁለቱም ዝናብ ሲያበቃ ሜዳውን ቢጫ ያለብሳሉ። ልዩነቱ አደይ በየመስከረሙ ቃሏን ታከብራለች፤ የበረሃው ግን ዐሥር ዓመትም ሊያስጠብቅ ይችላል። በ2016 መጋቢት ወር ልጆቻቸውን ይዘው ሄደው በቢጫው መካከል ያነሡ ቤተሰቦች ዛሬ ፎቶውን ለአገር ቤት ዘመድ ሲያሳዩ «መስቀል ላይ መጥታችሁ ነበር እንዴ?» ይባላሉ።

እዚህ ላይ ነገሩ ከመዝናኛነት ያልፋል። ሚድ ሐይቅ በሐምሌ 2022 ከ1930ዎቹ ወዲህ ሆኖ የማያውቅ ዝቅታ ላይ ደረሰ፤ ውሃው የሸሸበት ዐለት ከ150 ጫማ በላይ ከፍታ ያለው ነጭ ቀለበት ሆኖ ቀረ። ከአባሎቻችን አንዱ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ፣ ለእሑድ መዝናኛ ከሄደበት ያነሣው ፎቶ አለው። ከጀርባው ቀኑንና የቆመበትን ስፍራ ጽፎበታል። በዚያው ስፍራ ቆሞ በ2022 መልሶ አነሣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ብዙ ንግግር ይተካል። በአገራችንም የአቢጃታ ሐይቅ መሸሹ፣ የሐሮማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ መድረቁና ቆይቶም መልሶ ውሃ መያዙ የሚታወቅ ነው። በሐሮማያ የተማሩ ወገኖቻችን በተማሪነታቸው በሐይቁ ዳር የተነሡት ፎቶ የሐይቁ ታሪክ ሆኗል፤ ያን ጊዜ ግን ሐይቁን የፈለጉት ከኋላ እንዲሆናቸው ብቻ ነበር።

ችግሩ ይህ ነው፦ ብዙዎቹ ሥዕሎች ስምም ቀንም የላቸውም። ኮዳክሮም የተባለው ታዋቂ የስላይድ ፊልም መመረቱ በ2009 ቆመ፤ የዓለም የመጨረሻው አጣቢ ቤት በካንሳስ በ2010 መጨረሻ ሥራውን አቆመ። ስላይዱ ግን በጨለማ ከተቀመጠ ቀለሙን ይዞ ይቆያል፤ የሚጠፋው ማን የት መቼ እንዳነሣው የሚያውቀው ሰው ነው። በስልክ የሚያነሣው ወጣት ከዚህ ይሻላል እንዳንል፣ ስልኩ ቀኑን ይመዘግባል እንጂ ሺዎቹ ፎቶግራፎች ስልኩ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። በነሐሴ 2023 ሂላሪ የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ዝናብ በዴዝ ቫሊ የጥንቱን ማንሊ ሐይቅ ለጊዜው መልሶት ነበር። እስከ 2024 መጀመሪያ ድረስ ሄደው ያዩ አባላት አሉ፤ በረሃው ላይ ሰማይ ተኝቶ የሚታይበትን ፎቶ ለዚህ መጽሔት ስንጠይቃቸው ከሦስቱ ሁለቱ ሊያገኙት አልቻሉም።

ለመጽሔቱ ዝግጅት ሥዕል ስንሰበስብ ካለፉት አባታችን ቤት ልጆቻቸው አንድ የጫማ ካርቶን ስላይድ አምጥተውልናል። አብዛኞቹ ሬድ ሮክ፣ ዛየንና ቻርልስተን ተራራ ናቸው፤ እነርሱን ለይተናል። አንዱ ግን ከዚህ አገር አይደለም። ጠዋት ላይ የተነሣ ገደል ነው፤ ጉም በሸለቆው ውስጥ ሞልቷል፤ በቀኝ በኩል በገደሉ ጫፍ አንድ የግዛ ግራር የሚመስል ዛፍ አለ፤ በሣሩ ላይ ጭላዳዎች ተቀምጠዋል። በስላይዱ ወረቀት ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ከመውጣቴ በፊት» የሚል ብቻ ተጽፏል። ልጆቻቸው አባታቸው ካሜራ ይዘው ከአገር እንደወጡ አልሰሙም። ሥዕሉ በዚህ መጽሔት በሚቀጥለው ገጽ ታትሟል፤ ሰሜን ይሁን መንዝ፣ ስፍራውን የሚለይ አንባቢ ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ይንገረን።